ከሰልስት በኋላ ለደረሰ ኢንተርኔት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የ«ሰንበሌጥ» ገመድ አልባ ኢንተርኔት አገልግሎት የላሊበላ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ሠራተኞችዎ እንደምን ከርመዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፤ የሥራ ወንበርዎንም እንደተመቸዎ ያቆይልዎ። እኔ የገነተ ማርያሙ የመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ልጅ አመተ ጊዮርጊስ፣ ከሐዘን ቤት ተነስቼ ይህን ምስጋና በወረቀት ጽፌ በበርዎ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ሔለን አሮጌ ላፕቶፕ ልካልን፣ ሠራተኞችዎ መጥተው ኢንተርኔቱን የገጠሙልን ዕለት ፊቷን አይተን እልል ብለን ነበር። አባቴም ከደስታቸው ብዛት፣ ለዳዊት መጽሐፍ እንደሚሰፉት ሁሉ፣ ለላፕቶፑ ከፍየል ቆዳ ጥብቅ ያለ ማኅደር ሰፉለት። ብዙም ሳይቆዩ በሽታ ጣላቸውና አንደበታቸው ተዘጋ፤ ቀኝ እጃቸው ብቻ ትነሳ ነበር። ሔለንም በስልክ እያለቀሰች፣ ቃል ባይወጣቸውም እጃቸውን አንስተው ሲመርቁኝ ልይ ብላ ለመነችን። በእኛ በኩል ያለው የሞባይል መረብ ድምፅ እንጂ ምስል አይችልም። ላፕቶፑን ብንከፍተው ደግሞ ኢንተርኔት የለም።

እንግዲህ ምስጋናዬ እንዲህ ነው።

፩ኛ. ስደውል ላፕቶፑን አጥፍቼ እንዳበራው ስለመከራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። በማግስቱም በትሕትና ያንኑ መከራችሁኝ። የይለፍ ቃሉን ደምስሼ እንደገና እንድጽፍ፣ የዋይፋይ ማሰራጫውንም ወደ መስኮት እንዳስጠጋ ታዘዝኩ፤ ሁሉንም ፈጸምኩ።

፪ኛ. አቤቱታዬን በድረ ገጻችሁ እንዳስገባ ስለተነገረኝ እጅግ ተደስቻለሁ። ኢንተርኔት ያጣ ሰው ማጣቱን በኢንተርኔት እንዲያመለክት ያሰበውን ጭንቅላት ክፉ አይንካው።

፫ኛ. ላፕቶፑን ከነማኅደሩ ተሸክሜ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ባለሙያዎ አውጥተው ለአፍታ አዩትና «ዋይፋዩ ሞቷል» ብለው መለሱልኝ። እኛ ዘንድ ሞት የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ መርዶ የሚሰማው ሰው እንዳይወድቅ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው። ባለሙያዎ ግን ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ ያረዳሉ። ክቡርነትዎን ላናግር ደጅ ብቆምም ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ።

አባቴ በዚያች በቀረቻቸው እጅ ወደ ላፕቶፑ እያመለከቱን ዐረፉ። በሰልስቱ ማግስት ላፕቶፑን አንድ ቦታ ላኖረው ብዬ ከማኅደሩ ሳወጣው፣ በጎኑ ያለች ጥፍር የምታህል ማብሪያ ስፌቱ ላይ ስትያዝ በጣቴ ተሰማኝ። ለካ ላፕቶፑ በገባ በወጣ ቁጥር የአባቴ ስፌት እሷን እየገፋ ዋይፋዩን ሲያጠፋው ኖሯል። መልሼ ብገፋት መብራቷ በራ። ማኅደሩን የሰፉት አባቴ ናቸውና በእሱ እርስዎን አልወቅስም። ነገር ግን ከሠራተኞችዎ አንዱ እንኳ፣ አሮጌ ላፕቶፕ በጎኑ ማብሪያ ይኖረዋል፣ እስቲ እይው ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እህቴ ተመርቃ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ልዘጋው ሳልደርስ ሔለን በምስል ደወለች። ጥቁር ልብሴን በነጭ ነጠላ ሸፍኜ አነሳሁ። «እታለም፣ ወደ አባየ አዙሪልኝ» አለችኝ። ተኝተዋል አልኳት። መርዶዋን ገና አልሰማችም፤ ብቻዋን በባዕድ ቤት እንዴት ይነገራታል? እዚያው ቤይሩት ያለችው ጓደኛዋ፣ የወልድያ ልጅ ዙልፋ፣ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ አግኝታ አጠገቧ እስክትደርስ እየጠበቅን ነው። ደብዳቤዬን በኢንተርኔት ያላወጣሁትም እህቴ እንዳታየው ብዬ ነው።

አጥፍቶ ማብራትን ሳትሰለቹ ስላስተማራችሁኝ እጅ እየነሳሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ፈጣን መስመር የምመኝ፣

ታማኝ ደንበኛዎ
አመተ ጊዮርጊስ ገብረ ዮሐንስ
ከገነተ ማርያም

ማስታወሻ፦ ኢንተርኔቱ አሁን እንከን የለበትም፤ የእህቴን የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር ያሳያል። በየቀኑ እየደወለች አባየን አሳዪኝ ትለኛለች፤ እኔም የምዋሸው አለቀብኝ። ስለዚህ ዙልፋ እስክትደርስ ድረስ መስመሩን ያቋርጡልኝ። ማብሪያዋን ራሴ እንዳላጠፋት፣ በእህቴ ላይ በር መዝጋት ሆኖብኝ እጄ እምቢ አለኝ። ደጅ ቆሞ የሚጣራን ሰው አለመስማት ግን የእርስዎ ቢሮ ሙያ ነውና፣ በእናንተ እጅ ይሁንልኝ።