በመታጠባቸው ምክንያት ንጹሕ ስላልሆኑ ስምንት ሳንቲሞች

ለተከበሩ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ግምት መምሪያ ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ደወሉ የማይሠራው በር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያጥበው፣ የፀሐይ ብርሃንም ሳያገኘው በመጀመሪያ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህ ምኞት ለሌላ ሰው ቢጻፍ እርግማን ሊመስል ይችል ነበር፤ ለእርስዎ ግን ከዚህ የሚበልጥ መልካም ምኞት እንደማይገኝ ከመምሪያዎ የአጠቃቀም መግለጫ ተረድቻለሁ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት የምሠራ ሰው ስሆን፣ የምኖረው ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር ነው። አክስቴ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በሽኝቷ ዕለት ከመምሪያዎ የተላኩ፣ ከረባታቸውን አሳምረው ያሰሩ አንድ ሰው በጡረተኞቹ ፊት ቆመው፣ በሰማያዊ ከፋይ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ከፍተው አሳዩ። በሣጥኑ ውስጥ ስምንት ሳንቲሞች ተደርድረው ነበር፤ በእያንዳንዱም ላይ አንድ አንድ ወፍ ተቀርጿል። ሰውየው “ይህ ዕቃ አይምሰላችሁ፤ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ማለት ነው” አሉ። አክስቴ ከእኔ በቀር ልጅ ስላልነበራት፣ እኔም ማደጌን ካቆምኩ ስለቆየሁ፣ ገዛችው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አደገ። እኛ ግን አረጀን። ዘንድሮ የአክስቴ የጣት መገጣጠሚያዎች ልብስ መጭመቅ አልችል ሲሏት፣ ልጁ ለወግ ለማዕረግ የሚበቃበት ጊዜ ደረሰ ብላ ስብስቡን ሸጣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዛ ቆረጠች። ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። እኔም ወደ መምሪያዎ ሄጄ ገማች እንዲላክልን አመለከትኩ፤ መግለጫውንም ተቀብዬ መጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ። ቅሬታ ብዬ ልጠራው አፌ አልደፈረምና ምስጋና ብዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃላት ምርጫዎ አመሰግናለሁ። በመግለጫው ሁለተኛ ገጽ ላይ በጉልህ ፊደል “ለግምት የሚቀርቡ ሳንቲሞች ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ ንጹሕ ያልሆነ ስብስብ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል” ተብሎ ተጽፏል። በመምሪያዎ ቋንቋ “ንጹሕ” ማለት ከተሠራ ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው ማለት መሆኑን ዛሬ እኔም ዐውቄያለሁ። አክስቴ ግን ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን በሌላ ትርጉሙ ስትሠራበት የኖረች ሰው ናት። መግለጫውን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ሳንቲሞቹን አየች፤ በላያቸው ላይ ቡናማ ነገር ተጋግሮባቸዋል። “እንዲህ ሆነው ለእንግዳ ይቀርባሉ? ምን ይሉናል?” ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በመጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድና በሎሚ፣ በመጨረሻም እኔ ለጥርሴ በገዛሁት አዲስ ብሩሽ አሸቻቸው። ከዚያ በነጭ ፎጣ ላይ አሰጣቻቸው። እውነቱን ለመናገር ፊት የሚታይባቸው ሆኑ። ወፎቹ ጥቂት ላባ ማጣታቸው፣ ጉጉቷም አንድ ዐይኗ መጥፋቱ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት በቤታችን እንዲህ ያበራ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ገማችዎ አመሰግናለሁ። ቀጠሯቸውን አክብረው መጡ፤ ጫማቸውን በራፍ ላይ ጠረጉ፤ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፤ ነጭ ነው ተብሎ የሚታመነውን ጓንታቸውንም አጠለቁ። አክስቴ ሣጥኑን ከፈተች። ወጣቱ ገማች ቀኝ ጓንታቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ያዙ፤ እንደ ደከመው ሰውም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። በቤታችን ሰው በድንገት ሲታመም ውኃ ይሰጣልና ውኃ ሰጠናቸው። ጠጥተው ሲያበቁ በቀጭን ድምፅ “እማማ፣ ምን አደረጓቸው?” አሉ። አክስቴም እንደሚመሰገን ሰው ቀና ብላ “አጠብኳቸው ልጄ፣ አንተ ትመጣለህ ብዬ” አለች።

ገማችዎ በትዕግሥት አስረዷት። ያ ቡናማ ነገር እድፍ እንዳልነበረ፣ በሙያው “የዘመን ልብስ” እየተባለ እንደሚጠራ፣ ሰብሳቢዎች ሳንቲሙ ከተሠራበት ብር ይልቅ ለእሱ እንደሚከፍሉ ነገሯት። በዚህ ማብራሪያ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ችግር ነበረ፤ በአንዲት የልብስ እጥበት ሠራተኛ ፊት “ልብስ” የሚለውን ቃል መጥራታቸው ነው። አክስቴ “ልብስ ከሆነማ ይታጠባላ!” አለች። ገማችዎ አጉሊ መነጽራቸውን አጣጥፈው መለሱ።

ሦስተኛ፣ ማኅተም ያረፈበት የግምት ውጤታችሁ በፖስታ ደርሶናልና ስለ አጻጻፉ ልባዊ አድናቆቴን እገልጻለሁ። በአራሚነት ዘመኔ ብዙ ዓረፍተ ነገር አልፏል በእጄ፤ “ስምንቱ ሳንቲሞች በመታጠባቸው ምክንያት ንጹሕ ያልሆኑ ተብለው ተመድበዋል” የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለው ነገር የሚታረም አይደለም፤ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ የሣጥኑ ግምት ለብቻው ተቀምጧል። ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ስለኖረና ማንም ስላልወለወለው “እጅግ ደኅና” የሚል ደረጃ አግኝቷል። ሳንቲሞቹ የማሽኑን መሰኪያ እንኳ የማይገዙ ሲሆን፣ ሣጥኑ ብቻውን ቱቦውንና አንድ እግሩን ይገዛል። ከዚህም አልፎ ሳንቲሞቹ በውስጡ መቀመጣቸው የሣጥኑን ዋጋ እየጎዳው ስለሆነ በአስቸኳይ እንዲወጡለት ተመክረናል። አወጣናቸው። አክስቴ እንደ ተራ ገንዘብ ልትጠቀምባቸው ብላ አንዱን ይዛ ዳቦ ቤት ሄደች፤ ባለዳቦ ቤቱም ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶ “እትዬ፣ ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ሲያብለጨልጭ አያዩትም?” ብሎ መለሰላት። እነሆ ሳንቲሞቹ ለሰብሳቢ ንጹሕ ያልሆኑ፣ ለዳቦ ቤት ደግሞ ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆነው በሻይ ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ይኖራሉ።

አራተኛ፣ ስለ ዘላቂው ተስፋ አመሰግናለሁ። ደብዳቤያችሁ በግርጌው ላይ ስብስቡ ጨለማና መጠነኛ እርጥበት ባለበት ቦታ ሳይነካ ስልሳ ዓመት ቢቀመጥ የዘመን ልብሱ ሊመለስ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ባለንብረቷ ራሷ ይዛው ከቀረበች በነጻ እንደገና እንደሚገመትላት ይገልጻል። አክስቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ይሁን እንጂ መምሪያዎ ተስፋ አልቆረጠባትም፤ የቀጠሮ ካርድ ከነተራ ቁጥሩ ልኮላታል። ቁጥሯ ሦስት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ስልሳው ዓመት አይደለም፤ ከፊቷ የተሰለፉት ሁለት ሰዎች እነማን ይሆኑ የሚለው ነው።

አምስተኛውን ምስጋና፣ ማለትም የማይሠራውን ደወል ጉዳይ፣ ለስድስተኛው ቦታ ለመልቀቅ ስል ትቼዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ስድስተኛው ነውና።

ስድስተኛ፣ አክስቴ ማጠብ ትታለች።

ውጤቱ በደረሰን ዕለት ወረቀቱን አጣጥፋ “እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ንብረት ሳበላሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው” አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግሥቱ ስኒዎቹን ሳታጥብ መደርደሪያ ላይ መለሰቻቸው። ምነው ብላት “ይቆዩ፤ ዋጋቸው ይወርዳል” አለችኝ። መጋረጃው ከመስኮቱ እንዳይወርድ ተከለከለ፤ መስኮቱ እንዳይወለወል ተከለከለ፤ አሁን ውጭ መሽቶ እንደሆነ የምናውቀው በሰዓት ነው። ጎረቤታችን ድስት ልትዋስ መጥታ የተጣበቀበትን ወጥ አይታ “እትዬ፣ ላጥበውና ልውሰደው?” ብትላት፣ አክስቴ ድስቱን ከእጇ ነጥቃ “አንቺ ልጅ፣ የመጀመሪያው ነው! ሳይነካ የኖረ ነው!” ብላ አባረረቻት። እኔ ወደ ማተሚያ ቤቱ የምሄደው የዘመን ልብስ በደረበ ሸሚዝ ነው፤ አለቃዬ ቀረብ ብሎ ያየዋል፤ ሰብሳቢ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ገላ መታጠብ ጉዳይ ለመምሪያዎ ክብር ስል ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ልጽፍልዎ እችላለሁ። አንድ ነገር ግን አላስቅ ብሎኛል። አክስቴ እጇ ሥራ ፈትቶ ዐይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደተቀበለች ሁሉ ታያቸዋለች። የማሽኑንም ነገር ከዚያ ወዲህ በአፏ አንስታው አታውቅም። ምን ያደርግላታል? የሚታጠብ የለም።

ስለዚህ የሣጥኑን ዋጋ ከፍ አድርጉልን አልልም፤ የጉጉቷን ዐይን መልሱም አልልም። የምለምነው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ፣ በመግለጫው ሁለተኛ ገጽ ላይ “ንጹሕ” የሚለው ቃል ወጥቶ “ያልተነካ” የሚለው ይግባ፤ እርማቱን በነጻ እሠራለሁ። ሌላው፣ በመምሪያው ማኅተም የተደገፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለአክስቴ ይጻፍላት፤ ስኒ፣ መጋረጃ፣ ድስት፣ ሸሚዝና የወንድም ልጅ ቢታጠቡ ዋጋቸው እንደማይወርድ ይገለጽበት። እኔ ነግሬያት ነበር፤ ማኅተም ስለሌለኝ አላመነችኝም።

መምሪያዎ ለእኛ ያለውን ግምት በጽሑፍ ያሳወቀን ስለሆነ፣ እኛም ለመምሪያው ያለን ግምት በዚያው ልክ ዝቅ ሳይል ከፍም ሳይል፣ ጨለማና መጠነኛ እርጥበት ባለበት ቦታ ተጠብቆ የሚቆይ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

የተራ ቁጥር ሦስት ባለቤት የወንድም ልጅ፣
ከነሸሚዙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ስለተፈጠረ መጨመር ግድ ሆነብኝ። ገማችዎ ያን ቀን ግንባራቸውን ለመያዝ ያወለቁት ቀኝ ጓንት ከሶፋው ትራስ ሥር ተገኘ። አክስቴ አነሣችው። ከሩቅ ነጭ የነበረው ከቅርብ ሲታይ ስንት ሰው ቤት እንደገባ፣ ምን ምን እንደነካ፣ ከምን ጋር ምሳ እንደበላ ሁሉ ይነበብበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ዞረችው፤ ተመልሳ መጣች፤ ወጥታ ገባች። በመጨረሻ “ዋጋው የፈለገውን ይውረድ፤ ይሄንንስ አላልፈውም” ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቶቿ እያመሟት አጠበችው፤ አሰጣችው፤ ተኮሰችው። እጇን ከነከረችበት ውኃ ሳታወጣ ስኒዎቹንም አጠበች፤ እኔንም ሸሚዝህን አውልቅ ብላኛለች። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍልን ብዬ የለመንኩትን ትቼዋለሁ፤ የሰጣችሁን ጓንት በቂ ነው።

ጓንቱ በጥንቃቄ ታጥፎ በፖስታ ወደ ቢሮዎ ተልኳል። በመታጠቡ ምክንያት ንጹሕ አለመሆኑን ዐውቃለሁ። የግራው ግን አሁንም እንደነበረ በገማችዎ ኪስ ውስጥ ስላለ፣ ጥንዱ እንደ ስብስብ ዋጋ ማጣቱን ስገልጽልዎ ከባድ ሐዘን ይሰማኛል። አክስቴ እሱንም ይላኩልኝ ትላለች።