ያልተቆጠረው የጋሽ ወንዳፍራሽ ድምፅ

ሲያትል፣ ማርች 2014

ውድ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣

አድራሻዎንና ስልክ ቁጥርዎን የሰጠችኝ ቡሪየን ያለችው የእህትዎ ልጅ ናት። ኮሎምበስ ልጅዎ ጋ ከገቡ ዓመት እንዳለፈዎ ነግራኛለች። ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ በመግባቴ አይቀየሙኝ። ያለብኝን ሳልናገር ደህንነትዎን ብጠይቅ ማስመሰል ይሆንብኛል።

ያን ቀን ያስታውሱታል? ኖቬምበር 2012፣ ምርጫው ባለፈ በሳምንቱ። ተማሪዎቹ ወጥተው እኔ ፈተና አርማለሁ፤ እርስዎ ክፍሌን ሊያጸዱ ገቡ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከኪስዎ ደብዳቤ አወጡ።

«ቲቸር አገሬ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ዜግነት ካገኙ ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫዎ ነበር። ቤትዎ የመጣልዎትን የድምፅ መስጫ ወረቀት ሞልተው፣ ፖስታው ላይ በአማርኛ ፈርመው መልሰዋል። መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለው ፊርማ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ደብዳቤው «ሁለቱ ፊርማዎች አልተመሳሰሉም፤ አብሮ የተላከውን ቅጽ ሞልተው እስኪመልሱ ድምፅዎ አይቆጠርም» ይላል። ገና ሁለት ሳምንት ነበረዎት።

«ፊርማዬ እኮ ነው!» አሉኝ። «አገር ቤት፣ መዝገብ ቤት ስሠራ ሃያ ዓመት የፈረምኩት።»

እኔስ ምን አልኩ? ደብዳቤውን በጨረፍታ አይቼ መለስኩልዎትና፣ ከወረቀቴ ቀና እንኳ ሳልል «ይተዉት ጋሽዬ፣ ምርጫው እንደሆነ አልቋል። አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» አልኩዎት።

«እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። ከዚያ፣ ለመምረጥ መብታቸው ሰልፍ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ወለሉን መጥረግ ቀጠሉ። ጃንዋሪ ላይ ጡረታ ሲወጡ ኬክ ቆርጬ አጎረስኩዎት። ስለ ደብዳቤው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ወር ለሰባተኛ ክፍል ስለዚያው መብት አስተማርኩ። ድሮ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰው መራጭ ሆኖ ሊመዘገብ ሲሄድ ይሰጠው የነበረውን ዓይነት ፈተና ራሴ አዘጋጀሁ። ጥያቄው ግራ የሚያጋባ፣ ሰዓቱ የማይበቃ፤ አንዱን የሳተ ይወድቃል። መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ከሃያ ስምንቱ ሃያ ሰባቱ ወደቁ። ሁሉንም የመለሰችው ኖላዊት ብቻ ናት፤ የእኛው ሰው ልጅ፣ ሌክ ሲቲ ነው የሚኖሩት። መዝጋቢ መጣል ከፈለገ ሰበብ እንደማያጣ ላሳያቸው ብዬ ወረቀቷን ገልብጬ አየሁና፣

«ፊርማሽ አላማረኝም። ወድቀሻል» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ «ፊርማዬ እኮ ነው!» አለች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እርስዎን የሰማሁ መሰለኝ። ፈተናውን እዚያው አቆምኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ስምዎን ሳልጠራ ታሪክዎን ለክፍሉ ነገርኩ። ሁለቱ ነገር አንድ አለመሆኑንም አልደበቅኩም። በእነዚያ ሰዎች ላይ በሩ የተዘጋው ሆን ተብሎ ነው፤ ለእርስዎ ግን ማስተካከያው ቅጽ ተልኮ ነበር። የጎደለዎት አምስት ደቂቃ አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ታዲያ ‹ይተዉት› ያላቸው ማነው?» አለች ኖላዊት።

«እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ ልጅ በእንግሊዝኛ «ግን እኮ ይሄን የምታስተምሪን አንቺ ነሽ» አለ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ልጆች አስለቅሳለች የሚል ስልክ ተደውሎለታል። «ከእንግዲህ ከመጽሐፉ ብቻ አስተምሪ» አለኝ።

«ኖላዊትን ማስለቀሴ ጥፋት ነው፤ ለእናቷም ራሴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ትምህርቱን ግን አልተውም» አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ ለወላጆች አስቀድሜ እያሳወቅኩ እንድቀጥል ተስማማን። እኔም ክፍል ውስጥ በማውራት ብቻ አላበቃሁም። ከመጪው የኦገስት ምርጫ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌክ ሲቲ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ። «የፊርማ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይምጣ፤ አብረን እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ሰው ባይመጣም እቀመጣለሁ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ፤ ጥያቄያቸውንም ጽፈዋል። የኖላዊት «ደብዳቤውን ሲጥሉት ምን ተሰማዎት?» የሚል ነው። ያን ዕለት እኔ ልጠይቅዎ የሚገባኝን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጠየቀችልኝ።

ማክሰኞ ኤፕሪል 8፣ በኮሎምበስ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከክፍሌ እደውላለሁ። ሁሉም እንዲሰማዎት ስልኩን ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ በልጆቹ ፊት ይቆጡኝ፤ አይክፋዎት፣ ይማሩበታል። ባያነሱት ግን አይፈረድብዎትም። እኔም ረቡዕ ደግሜ እደውላለሁ።

አክባሪዎ፣
አገሬ ዘመድኩን