ጋሼ ቆይ እና የፈሯት ቃል

በመታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ዛሬ በታደለው በዚህ የመታሰቢያ ወረቀት ሽፋን ላይ በትልቁ ተጽፏል። በእርሱ የጠራቸው ግን የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ጋሼ ቆይ» ይላቸው ስለነበር የሕይወት ታሪካቸውም በዚሁ ይቀጥላል።

ጋሼ ቆይ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1957 ዓ.ም የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ያደጉት የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ የኋላው መኝታ በሆነ ቤት፣ በስፌት መኪና ጩኸት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ዞር ባሉበት ቅጽበት በአንድ ደንበኛ የሱሪ ጨርቅ ላይ መቀስ አሳርፈው ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ግማሽ ቀን አልወጡም። አባታቸው አልመቷቸውም። ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ የተሰፋ ይፈታል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም» ብቻ አሏቸው። ቢመቷቸው ይሻል ነበር። ያ ፍርሃት ከጠረጴዛው ሥር አብሯቸው ወጣ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

በ1972 ዓ.ም እሳቸው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ታናሽ ወንድማቸው ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መቀሱን ያዘ። «አንዱ እንዲማር አንዱ ይሥራ» ብለው የፈረዱት አጎታቸው ናቸው፤ የታናሽየውን ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም። ይህ እዚህ የገባው ለወቀሳ አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ነው።

በ1976 ዓ.ም ተመርቀው ዘጠኝ ዓመት የጽሕፈት መኪና ጠገኑ፤ በ1985 ዓ.ም በኮሌጁ ተቀጠሩ። በ1990 ዓ.ም የጽሕፈት መኪናዎቹ በኮምፒውተር ሲተኩ፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያዩ ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። ኮሌጁ የሰጣቸው ክፍል ከደረጃ ሥር ነው፤ ጣሪያው ስላዘቀዘቀ ረጅም ተማሪ ገብቶ ቀና ማለት አይችልም። በሩ ላይ «ጊዜያዊ የቴክኒክ ድጋፍ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጊዜያዊው ሃያ አምስት ዓመት ቆየ። ዲን አምስት ጊዜ ተለወጠ፤ ወረቀቷ አልተለወጠችም። ዛሬ አበባ የላኩት እነዚሁ የኮሌጁ ሰዎች ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ደረጃው ሥር ይመጣል።

«ጋሼ፣ ይሄን ልገዛ ነው፤ ኪቦርዱ ይበራል።»

«ቆይ። ምን ልትሠራበት ነው?»

«ለትምህርት ነዋ።»

«ምን ትምህርት? ሒሳብ አያያዝ በጨለማ ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

አባታቸው ጨርቅ ሳይቆርጡ «ለሥራ ነው ለሠርግ?» ብለው እንደሚጠይቁት መሆኑ ነው። ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ እንደሚበቃው፣ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ግን እጥፉ እንደማያንሰው ይነግሩ ነበር። ያገለገለ የሚገዛውን ደግሞ ቻርጀሩን ነቅሎ ሩብ ሰዓት ሻጩ ፊት እንዲቀመጥ ይመክሩታል። «መልኳን አይተህ እንዳትወስዳት፤ ባትሪዋን ጠይቅ» ይሉት ነበር። ሁሉንም ሲሸኙ የሚሉት ግን አንድ ነው፦ «ሁለት ቦታ ያልተቀመጠ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ቁጠረው።»

በ1988 ዓ.ም ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ከወዲያኛው ወገን «ልጃችንን ለሽቦ ለቃሚ?» ብሎ የተናገረ ሰው ነበር። ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ዝርዝሩ ይቅር።

በ1998 ዓ.ም፣ በመመረቂያው ሰሞን፣ አንዲት የነርስነት ተማሪ ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በከፈትኩት ቁጥር እንደ ካውያ ይግላል፤ ይጮሃል። ቫይረስ ይዞት ይሆን?»

ጋሼ ቆይ የሰሙት መጋሉን ብቻ ነው። «አጥፊው። ቶሎ አጥፊው» አሏት።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሳ ደወለች። «አጠፋሁት ጋሼ። ቅርጫቱንም አራገፍኩት። ግን አሁንም ይግላል።»

እሳቸው ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነበር፤ ልጅቷ ያጠፋችው ጽሑፉን ነው። ቫይረስ የያዘውን ፋይል፣ የተሰረዘ ከሚጠራቀምበት ከኮምፒውተሩ ቅርጫት ሳይቀር እንድታራግፍ ያስተማሯትም ራሳቸው ናቸው። ሌላ ቅጂ አልነበራትም፤ ነገ እገለብጣለሁ ስትል ከርማለች። ፈታኞች ፊት የምትቀርበው በአራተኛው ቀን ነው። ጋሼ ቆይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ያገኛቸው የጥበቃ ሠራተኛ ሰው የሞተባቸው መስሎት ነበር።

የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ከመቶው ገጽ አርባው ብቻ ተመለሰ። ቀሪውን ልጅቷ ከሕሙማን ካርድ በእጇ ከጻፈችው ላይ እንደገና መተየብ ነበረባት። ጋሼ ቆይ ቁጥር አሳስታለሁ ብለው ስለፈሩ ታናሽ ወንድማቸውን ከሱቁ አስጠሩት። «አንተ ዐይንህ ደህና ነው፤ ና ቁጥሩን አንብብላት» አሉት። ስፌቱን ጥሎ ሄደ፤ የመቶ አሥራ ሁለት በሽተኛ የደም ግፊት ሦስት ቀን ሙሉ አነበበ። ልጅቷ አለፈች። በጽሑፏ የምስጋና ገጽ ላይ ፈጣሪ፣ ወላጆቿ፣ አማካሪዋ፣ ጋሼ ቆይ፣ አብራት የምታድረው ልጅ ሳትቀር ተመስግነዋል። ቁጥር ያነበበው የለበትም። ይኸው ዛሬ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አጥፋ» የምትባል ቃል ከጋሼ ቆይ አፍ አልወጣችም። ለተማሪው ኮምፒውተሩን «አስተኛው» ይላሉ፤ ጽሑፉን ደግሞ «ሰርዘው»። ቤት ውስጥ መብራት ይጨልማል፣ ምድጃ ይበርዳል እንጂ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ልጆቻቸው «አባ፣ ድመቷ ጠፋች ማለትም ክልክል ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጆሯችሁ የሰማው እኔ ያልኩት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይሉ ነበር።

ደረጃው ሥር በነበረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ እሳቸው «ግራጫው» በሚሉት፣ የፈቀደውን ተማሪ ሁሉ ጽሑፍ ቅጂ ያስቀምጡ ጀመር። ቅጂው ከአራት መቶ አለፈ። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ፊታቸው አመድ ይመስላል። ግራጫው እያረጀ ሲሄድ ደግሞ «አንዴ ከተኛ አይነሣም» ብለው ጥቂት ሰዓት የሚያቆይ መጠባበቂያ ባትሪ ገጠሙለትና ጨርሶ ማስተኛቱን ተዉት። በ2015 ዓ.ም ቀደም ብለው በጡረታ ሲሰናበቱ ኮሌጁ የሸኛቸው በዚያው በግራጫው፣ ከነባትሪው ነው፤ ለነገሩ ሊጣል የወጣ ነበር።

በ2016 ዓ.ም የጉበት ሕመም ጀመራቸው። ሕክምናው ብዙ አልረዳቸውም። ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው መድኃኒት ሊያመጡ ወጥተው ከአልጋው አጠገብ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነው። ይህን የሕይወት ታሪክ እሱ እንዲጽፍ የተደረገውም ለዚሁ ነው እንጂ የተማረ ጠፍቶ አይደለም።

ዐይናቸውን ገለጡ። ግራጫው ወዳለበት ጠረጴዛ አዩና፣ «አጥፋው» አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገሯት ቃል ናት። ታናሽየው ከወንበሩ ተነሣ። ቀን ነው፤ የበራ መብራት የለም። ኮምፒውተሩን ይሁን ውስጡ ያለውን አላወቀም፤ ቢያስተኛውም እንደማይነሣ ያውቃል። ሊገምት ይችል ነበር፤ ግን በግምት የሆነውን በዐይኑ አይቷል።

«ጋሼ፣ የቱን? የቱን ላጥፋው?»

«ይሄን?» ብሎ እጁን ወደ ግራጫው ቁልፍ ሰደደ። ያኔ ጋሼ ቆይ፣ «ቆይ» አሉ። የቀረውን አልተናገሩም። በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ታናሽየው ለሽንት እንኳ ሲወጣ ግራጫው አጠገብ ሰው አስቀምጦ ነው። ዳመና ሲከብድ መብራት ይሄዳል ብሎ ባትሪውን ያያል። አንዳንዱ ዘመድ የሟች ቃል ይፈጸም ይላል፤ የትኛው ቃል እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ቤተሰቡ ተማክሮ በኋለኛው ቃላቸው ጸንቷል፦ ግራጫው ይቆያል። ከደረጃው ሥር ቅጂ የተዋችሁ ሁሉ፣ ዛሬ በዚህ የቆማችሁም፣ መያዣ ፍላሽ ይዛችሁ ቶሎ ኑና ድርሻችሁን ውሰዱ። በሩን የሚከፍትላችሁ ልብስ ሰፊው ወንድማቸው ነው። ግራጫውን እናንተው ትነካላችሁ፤ እሱ አይነካም።

ጋሼ ቆይ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የሚያስፈራ በሌለበት ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ስማቸውንም ከሕይወት መዝገብ አያጥፋው።