አዳራሹ ዝም ያለ ጊዜ

እህት ዓለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው።

ፊልሙ የድሮ አስፈሪ ፊልም ነው። ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር የትንሽ ሴት ልጃቸው ጀርባ ያብጥና ይፈነዳል፤ ከውስጡም ጣት ይወጣል። እኔ ዓይኔን ስሸፍን ተመልካቹ ይስቃል። እዚህ አገር ሁሉም ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል። ጠቡ ሲጀመር የባልየውን ስድብ ወንዶቹ፣ የሚስትየዋን ሴቶቹ አብረው ይጮኻሉ። የእኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ገና ጣቱ ብቅ ሲል ጥሎ ይወጣ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጠችው ትኬት ቆራጭ፣ "አይዞሽ፣ ደሙ ቀለም ነው። የሚያስፈራው ገና ነው" አለችኝ።

ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ወላጆቿ ሲጯጯሁ ልጅቷ ከገበታው ተነሳችና፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ ብላ መስኮቱን ዘጋች። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው ጸጥ አለ። ትኬት ቆራጯም አንገቷን ደፋች።

እኔ ግን የታየኝ የእናንተ ሳሎን ነው። ልሰናበታችሁ የመጣሁ ዕለት አንቺና ባልሽ በነገር ስትጎነታተሉ፣ ልጅሽ ሚጣ ተነስታ መስኮቱን ዘግታ ነበር።

ቦታ አለቀብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ሚጣን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ጀርባዋንም ዳበስ አድርጊልኝ። ያን ቀን የበረዳት መስሎኝ ሹራቤን አውልቄ ደርቤላት ነበር።