የእማ ውስጥ እግር

ለተወደድከው ወንድሜ ሙሀመድኑር

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ይይዝህ የነበረው ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ካልክ ለመነሳት ትቸገራለህ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ዘሃራስ ደህና ናት? ልጆቹ ኢርፋንና ዓፊያ ትምህርታቸው እንዴት ነው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት። ይህን ለወጉ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እማ አሁን አጠገቤ ግራ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ከግራ እግሯ ላይ አውራ ጣቷ የለም።

አዎ፣ ተቆርጧል። የተቆረጠውም አንተ "እኔ ሳልፈቅድ ማንም እንዳይነካት" ካልክ በኋላ ነው። በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ድምፄን ስትሰማ ትጮህና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም። ለዑምራ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሸምሱ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳም አደራ ብዬዋለሁ።

እስካሁን የሰማኸው ከአጎታችን ከእንድሪስ ነው። አሁን ከእኔ ስማ። ውስጥ እግሯ ላይ የነበረው ጥቁር ነጥብ መቼ እንደወጣ እማ ራሷ አታውቅም፤ እግሯ ከሂና ተለይቶ አያውቅማ። ለኢድ ትቀባለች፣ ለመውሊድ ትቀባለች፣ የማንም ልጅ ሲዳር ትቀባለች፤ የፊቱ ሳይለቅ ሌላ ይደረብበታል። ለዓረፋ መጥቼ እግሯን ሳጥባት ከአውራ ጣቷ ስር ዳርና ዳሩ የተዛባ ጥቁር ነገር አየሁ። "ሂናው ነው፣ እዚያ ጋ ጠንከር ብሎ ይይዛል" አለችኝ። ሂና ግን አያብጥም። በጣቴ ስጫነው እግሯን ሰበሰበች።

አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከላዩ ቁራጭ ወስዶ አስመረመረው። ሜላኖማ ይባላል፣ የቆዳ ካንሰር ነው። የፈረንጅ በሽታ ነው ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እኛ ላይ ሲወጣ ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የማያየውን ቦታ ይመርጣል፤ ውስጥ እግር ላይ፣ ጥፍር ስር። እኛ ደግሞ እዚያው ላይ ሂና እንቀባበታለን።

የማስተርስ ጥናቴ ስለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ይህ በሽታ አንዳንዱ ሰው ላይ ከወጣበት ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ አንዳንዱ ላይ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። ለመሄድ የተዘጋጀው ከመነሳቱ በፊት አንዳንድ ፕሮቲኖችን ሊያበዛ ይችላል። እኛ ከስጋው በጣም ስስ የሆነ ቁራጭ እንወስድና መድኃኒት እናፈስበታለን። የምንፈልገው ፕሮቲን በብዛት ካለ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ ቀለም ይይዛል። የእማ ቁራጭ ሲመጣ አስተማሪዬ "የእናትሽን አንቺ አታነቢም" ብለው ማን እንደሆነች ለማያውቅ ሰው ሰጡት። ያ ሰው ያየው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው።

ቀለሙ "በእርግጥ ይዛመታል" አይልም። እንዲህ ከቀለሙት ውስጥ የሚዛመቱት ይበዛሉ ነው የሚለው፤ ዘዴውም ገና በጥናት ላይ ነው። ሐኪሙ በእሱ ብቻ አልወሰነም። ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀ ለክቶ ነው ጣቱ ይውጣ፣ ብሽሽቷ ውስጥ ያለው እጢም ይታይ ያለው።

ቀጠሮው ሲቃረብ አጎታችን ከከሚሴ መጡ። እኔ ላቦራቶሪ በዋልኩበት ቀን እማን "ልጅሽ ለጥናቷ መሞከሪያ አድርጋሻለች፤ ሙሀመድኑርም አልፈቀደም" ብለው አሳፍረው ወሰዷት። ከዚያ ከሰንበቴ ገበያ አንድ አዋቂ ተጠራና ነጥቡን በጋለ ብረት ተኮሰው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ጩኸቷን እንደሰማ የነገረህ አለ? ላዩ ሲደርቅ "ተሻላት" ተብሎ ተደወለልህ። እኔ ደግሞ ባጃጅ ተራ ላይ ሳይቀር የእናቷን እግር ለሐኪም የሸጠች ተባልኩ። ይህን ወሬ አንተም ሰምተሃል፤ ሰምተህም ዝም ብለሃል።

ልወስዳት ስመጣ ቤቱ በሽማግሌ ተሞልቶ ጠበቀኝ። አጎታችን ተደላድለው ተቀምጠው "የድሮ ጠንቋይ ቀይ ዶሮ ነበር የሚጠይቀው፤ የእኛዋ የተማረችው ግን ጣት ጠየቀች" አሉና ቤቱን አሳቁት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ለትንሽ አመለጥኩ እንጂ ልስቅ ነበር፤ ተረብ ይችሉበታል። ቀጥለው ግን ፊታቸውን አጠቆሩና "ነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ በቀለም ነገን አያለሁ ማለት ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው" አሉኝ።

በሃይማኖቴ ሲመጡብኝ ዝም አላልኩም። "አጎቴ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት አሰማርተው፣ ሰማዩ ጠርቶ እያለ የቦርከና ወንዝ ደፍርሶ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ከብቴን አወጣለኋ" አሉ። ዝናብ በሌለበት ለምን ብላቸው "ላይ ኮምቦልቻ ዘንቧላ! አንቺ ልጅ፣ ከተማው ይህንንም አስረሳሽ?" አሉኝ። ጎርፉ ሳይመጣ ቢቀርስ አልኳቸው። "ቢቀር መልሼ አሰማራለሁ። ቢመጣ ግን ከብቴን ከየት አመጣለሁ?" አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔም ያየሁት የውኃውን መደፍረስ ነው አልኳቸው፤ ጎርፉን የሚያውቀው አላህ ነው፣ ከብቱን ማውጣት ግን የእኛ ፋንታ ነው።

አንዱ ሽማግሌ ግን "ቢሆንም የወንዱ ልጅ ፈቃድ ይጠበቅ" አሉ፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። አየህ፣ ጅዳ ተቀምጠህ እዚህ ቤት ውስጥ ከሁላችን በላይ ሆነህ ነበር።

ያኔ እማ ከጓዳ እያነከሰች ወጣች። "ሚልሊ ኩን ከን ኪያ" አለች። ኦሮምኛህ እዚያ ካልጠፋብህ ይህ እግር የእኔ ነው ማለቷ ነው። "ሙሀመድኑርን አዝዬ ከጨፋ ሮቢት ገበያ የተመላለስኩበት እግር ነው። ሲያድግ ባለቤቱ እሱ ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም። ብረቱን ስታግሉ ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው ነበር? አሁን ሳትጠይቁኝ ፈቅጃለሁ።" ከዚያ ወደ አጎታችን ዞራ "አንተም እንድሪስ፣ አፍህን እንደያዝክ ሂድና ሚኒባስ ፈልግልኝ" አለቻቸው። ለካ ታናሿ መሆናቸውን ረስቼው ኖሯል። ተነስተው ሄዱ።

ሕክምናው በደህና አልቋል። ከብሽሽቷ ከወጡት እጢዎች በአንዱ ውስጥ ግን በሽታው ገብቶ ተገኝቷል። በመተኮሱ በባከነው ጊዜ ገብቶ ይሁን ወይስ ከዚያ በፊት ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ስለማላውቅ አንተ ነህ ብዬ አልፈርድብህም፤ ስለማላውቅ ደግሞ አይደለህም ብዬ አላሳርፍህም።

ጣቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ይዘን መጣን። አጎታችን ራሳቸው ከአባባ መቃብር አጠገብ ቆፍረው ቀበሩት፤ ከእኔ ጋርም ገና አልተነጋገሩም። እማ ብቻ "ለአባታችሁ አንድ ጣት አስቀድሜ ልኬለታለሁ፤ እኔን ገና ይጠብቀኛል" እያለች ጠያቂውን ታስቃለች። ለክትትል በየጊዜው አዲስ አበባ እወስዳታለሁ። የሚከለክለኝ ካለ መንገድ ላይ ይቁምና ይሞክረኝ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ደውልላት። ስለ ፈቃድ አታንሳባት፤ እንዴት አደርሽ፣ ያምሻል ወይ በላት። ሬዲዮውን ከፍ የምታደርገው ስልኩ አለመጮኹን ላለመስማት ይመስለኛል።

እማ "ልጄን ሳሚልኝ" ብላኛለች፤ ከነቁጣዬ ሳምኩህ። ዘሃራን ሰላም በልልኝ፤ ለእህቷ ሰርግ ሂና ከመቀባቷ በፊት ውስጥ እግሯን ብርሃን ላይ ታሳይህ። ለኢርፋን ረጅም ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ጫማ አልለብስም ማለቱን ከተወ ጎበዝ በለው። የዓፊያን ትንንሽ ጣቶች ጥፍራቸውን እያየህ አንድ በአንድ ሳምልኝ። አንተም ዛሬ ማታ ካልሲህን አውልቅና ውስጥ እግርህን በመስታወት እየው። እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን። ይህን ስነግርህም ፈቃድህን አልጠየቅኩህም።

እህትህ ኢልሃም
ከሚሴ፣ ግንቦት 11 ቀን 2005 ዓ.ም.