እሳቸው ያላዩት በር

ሰኞ
አባዬ እራት አልበላም። ሽሮው ቅቤ ገብቶበት! ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

አባዬ እዚህ ነቀምቴ፣ ኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ የተጋጨ መኪና ሄዶ እያየ ካሳ ይገምታል። ይገምት ነበር ልበል? ዘንድሮ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኤአይ የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። ደንበኛው ፎቶ ይልካል፣ ኤአዩ ይወስናል፣ አባዬ «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል። «አልስማማም»ም አለ፤ እሱን መጫን የሚያበዛ ሰው ግን ስሙ አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል ተብሏል። አብረውት ይገምቱ የነበሩት ወደ ሽያጭ ተወስደዋል። የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ
ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮው ጎራ አልኩ። (ዋይፋይ አለ።) ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ፈይሳ ኤአዩን አንቱ ነው የሚሉት! «እሳቸው ‹ጉዳት የለም› ካሉ እኛ ማን ነን?» ከበላይ የመጣ ነገር፣ ሽቦም ቢሆን፣ ይከበራል።

ጉዳት የለውም የተባለው የኦቦ ገመቹ ሚኒባስ ነው። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ቆሟል፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በሱ ነው። ፎቶዎቹን አየሁና ሳቄን ዋጥኩ። ሽማግሌው መኪናውን አሳጥበው፣ የሰርግ ፎቶ አንሺ ጠርተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በሁሉም ላይ በተጋጨው በር ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለትልቅ መሥሪያ ቤት ቆሻሻ መኪና፣ ያውም ያለ ባለቤቱ፣ እንዴት ይላካል?

«አባዬ፣ ኤአዩ የገመተው እኮ ኦቦ ገመቹን ነው። እሳቸው ደግሞ ደህና ናቸው።»
አልሳቀም። ጉዳዩ በዚህ ሳምንት መዘጋት አለበት።

ረቡዕ
አባዬን ሄደህ መኪናውን እየው አልኩት።
«ወጥቶ ማየት ቀርቷል፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለቱ ነው። በኦሮምኛ ሲጠራኝ ወይ ወዶኛል ወይ ፈርቷል። ዛሬ ፈርቷል።
«እስማማለሁ ካልኩ የሰውዬውን እንጀራ እዘጋለሁ፤ አልስማማም ካልኩ የናንተን።»
ይህ ቀልድ አይደለም።

ሐሙስ
በምሳ ሰዓቱ መኪናውን ሊያይ ሄደ! በትምህርት ቤታችን በኩል ሲያልፍ አይቼው ተከተልኩት። (ለእኔ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። እማዬ ይህን እንዳታነብ።) ኦቦ ገመቹ ገና ሲያዩን ኮት ሊለብሱ ሮጡ። ተመልሰው በሩ ፊት ቆሙ።
«ኦቦ፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አላቸው አባዬ።
ዞር አሉ። በሩ እንደ ተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል።
«ታዲያ ቁስሌን ለማላውቀው ሰው ላሳይ?» አሉ ተቆጥተው።
አባዬ ራሱ ፎቶ አነሳ፣ ቢሮ ተመለሰ፣ «አልስማማም»ን ተጫነ። ኦቦ ፈይሳ «እኔ አላየሁም» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ዓርብ
ከዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉ። አባዬ ቆሞ ነው ያናገራቸው፣ የሚያዩት ይመስል። የኦቦ ገመቹ ካሳ ይከፈላል። ከእንግዲህ ኤአዩ «ጉዳት የለም» ያለውን መኪና ሁሉ ሰው ሄዶ ያያል። የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ ግን «ወደፊት ይገለጻል»።

እማዬ «ተመስገን» ብላ ጉዳዩን ጨረሰች። አባዬ «ማን እንደሆነ እኮ አላሉም፤ እኔ ልሁን ሌላ» እያለ ግቢውን ይዞራል። ላስቀው ፈለግሁ፤ ምንም ቀልድ አልመጣልኝም።
ለእኔ! ምንም!