ጨሌ ያልኩት መድኃኒት

ናዝሬት፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ ደራ

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የመርዳሳ ቁስል ጠርቶ ደርቆ እንደሆነ፣ አዲሱ ምርኩዝ ብብቱን መላጡን ትቶለት እንደሆነ፣ ያንቺም ራስ ምታት ቀንሶልሽ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም፤ ሃያ ዓመት ጎንበስ ብሎ ቁስል ያጠበ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። እዚህ ዝናቡ አልፎ አቧራው ተተክቷል። አልጋዎቹ እንደሞሉ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛ ጊዜዬ ነው። ሦስቱን ቀደድኳቸው፤ ሦስቱም ሰበብ በዝቶባቸው ነበር።

እንድጽፍ ያደረገኝ መርዳሳ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቁስሉን ሊያሳይ መጥቶ፣ ፋሻውን ስፈታለት፣ እንደ ልማዱ በኦሮምኛው «ሶዳ»፣ አማቼ ብሎ ጠራኝና፣ «እህትህ ከእኔ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ትታለች» አለኝ። ምግቡን ታቀርቢለትና ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ አሉ። ወንድሞችና እህቶች በየቤቱ ለጸሎት ሲሰበሰቡም አትሄጂም፤ «የባሌን እግር ያስቆረጥኩ ሴት በመካከላችሁ አልቀመጥም» ብለሻቸዋል። ከዚያ መርዳሳ ሳቅ አለና፣ «እግሩ የእኔ፣ ለቅሶው የእሷ ሆነ። ተካፈልነው» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ፋሻውን መጠቅለል አቃተኝና አብራኝ የምትሠራውን ቡዜን ጠርቼ አስጨረስኳት።

የምታውቂውንም የማታውቂውንም በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

ሐምሌ 21 ቀን የትራክተሩ ተሳቢ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ሲወጣበት፣ የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። የእርሻው አፈር እስከ መቅኑ ገብቷል። ሰዉ ሁሉ ወጌሻ ዘንድ እንውሰደው ሲል፣ አንቺ የጭነት መኪና ፊት ቆመሽ አስቁመሽ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ እዚህ አደረስሽው። ይህን ዛሬ የሚያነሣልሽ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እኔ አነሣዋለሁ። የድንገተኛውን በር ገፍተሽ ገብተሽ ስታዪኝ፣ «አንተ ነህ ተረኛው?» አልሽኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃልሽ ነበር። እኔም «አዎ። ካርድ አውጪለት» አልኩሽ።

እንዲህ ያለ ስብራት የሚያስቸግረው አጥንቱ ሳይሆን አፈሩ ነው። ዶክተር ራህመቶ ቁስሉን ሁለት ሰዓት ያህል በጨው ውሃ አጠቡ፤ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡ፤ አጥንቱን ከውጭ በብረት አሰሩት። በመርፌ የምንሰጠው መድኃኒት የደም ሥሩ የተቀጠቀጠበት ቦታ አይደርስም። ስለዚህ መድኃኒቱን እዚያው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዶክተሩ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ የአጥንት ሲሚንቶ የሚባል ነጭ ዱቄት በሻንጣቸው ይዘው መጥተው ነበር። ከመድኃኒቱ ከጄንታማይሲን ጋር አደባልቀው በፈሳሽ ያቦኩታል። ሊጡ ሳይደርቅ በፍጥነት እንደ ሽምብራ እያድቦለቦሉ በቀጭን ሽቦ መሰካት ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ሲደርቅ መዳፍ ላይ ይግላል። ሃያ ሁለት ፍሬ ወጣው፤ ዘጠኙን ያድቦለበልኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ አጠገብ አኖርነውና ሰፋነው፤ የሽቦው ጫፍ ብቻ ከቆዳው ውጭ ቀረ። ፍሬዎቹ መድኃኒቱን ቀስ እያሉ ይተፋሉ። ከዐሥረኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሁለት ፍሬ እየሳብን በሦስት ሳምንት ልንጨርስ ነበር። ዶክተሩ ይዘውት ከመጡት ሲሚንቶ የመጨረሻው እሽግ እሱ ነበር።

ይህን ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁስሉን ስናይ ቡዜ ሽቦውን አየችና «የአንገት ሐብል ነው እንዴ የቀበራችሁበት?» አለች። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ፣ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረው ሐጂ ደሊል፣ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ «የለም ልጄ፣ እንደኔው መቁጠሪያ ነው። እኔ በእጄ እቆጥራለሁ፣ እሱ በእግሩ ይቆጥራል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። መርዳሳም ሳቀ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖርም ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሁለታችሁም አላወቃችሁትም። ጨሌ ነው። ዶክተሩ ለመርዳሳ ውቃቢ ጨሌ አስረውለታል» አልኩ።

እትዬ፣ ይህ ቃል በእኔና በአንቺ መካከል ምን እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት አይቻልም። እማዬ ሙዳይ ውስጥ ታኖረው የነበረውን ጨሌ፣ ቀዩንና ጥቁሩን፣ አንቺ ጌታን ተቀበልኩ ባልሽ በሳምንቱ ጓሮ አውጥተሽ አቃጠልሽው። በሦስተኛው ወር እማዬ ዐረፈች። እኔ በጨሌ አምኜ አላውቅም፤ ቄስ የሚናዝዘኝ ሰው ነኝ። ግን የእናቴ ጣት የዳሰሰው ነገር ነበር። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ፊት፣ «እናቴን የገደለቻት ይህች ናት» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩብሽ። አንቺም ተነሥተሽ ሄድሽ። ዘጠኙ ዓመት ከዚያ ነው የሚቆጠረው።

ክፍሉ ውስጥ ጨሌ ያልኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀሽ፣ «እውነት እግሩ ውስጥ ዶቃ አለ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አለ። ሃያ ሁለት» አልኩሽ። «ምን ይሠራል?» አልሽኝ። «ሐኪሙን ጠይቂ» ብዬሽ አለፍኩ። ሐኪሙ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርተው እንደሄዱ፣ እስከ ዐርብ እንደማይመለሱም አውቅ ነበር።

በማግሥቱ ረቡዕ የውይይት ክበብ ነበረን። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገባ፤ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ቀረች። ስንመለስ ሽቦው አልነበረም። ሐጂ ደሊል ናቸው የነገሩኝ፦ «ፍራሹን ነክሶ ነው ያሳለፈው። አልጮኸም። እሷ ትጸልይ ነበር፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።» ወጥቼ ሳይ፣ ቆሻሻ በምናቃጥልበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመሽ ነበር። እሳቱ ከፍሬዎቹ ጥቁር ጭስ ያወጣ ነበር። ማን እንደሳበው አልጠይቅም። መርዳሳ «እኔ ነኝ» አለ፣ አንቺም «እኔ ነኝ» አልሽ፤ ሁለታችሁም ሌላውን ለመሸፈን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተነሣ፣ ቁስሉ አመረቀዘ። ዶክተር ራህመቶ ሁለት ጊዜ ከፍተው አጠቡት። ነሐሴ 3 ቀን ነፍሱን ለማትረፍ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሬዎቹ ቢቆዩ ኖሮ እግሩ በርግጥ ይተርፍ ነበር ማለት አልችልም። ዶክተሩን ጠይቄያቸው፣ «ያን ያህል አፈር ከገባበት፣ መድኃኒቱ እያለም የምናጣው አለ። ግን ዕድል ነበረው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠም ያነሰም አላሉም።

አሁን የማታውቂው ይመጣል። ፍሬዎቹ የወጡ ዕለት በካርዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በበሽተኛው ቤተሰብ ኋላቀር እምነት ምክንያት መድኃኒቱ ተነቅሎ ተጥሏል» ብዬ ጻፍኩ። ይህቺ መስመር በሚቀጥለው የውይይት ክበብ ለምሳሌነት ተነበበች፤ ከዚያም እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ደራ ደረሰች። ቀበሌ ጠርተውሽ ሰው ፊት አቁመው የወቀሱሽ በእኔ ዐረፍተ ነገር ነው። ቀበሌው እኔ የጻፍኩትን እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? አንቺም ሁለት ሰዓት ቆመሽ፣ «ጨሌ ነው ያለው ወንድሜ ነው» አላልሽም። መርዳሳ ነው ይህን የነገረኝ።

ትናንት ካርዱን ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ከዚያ መስመር ሥር ጻፍኩበት፦ «መድኃኒቱን ጨሌ ብሎ ለቤተሰቡ የተናገረው የክፍሉ ነርስ ነው። ቤተሰቡ ምንነቱን ጠይቆ መልስ አልተሰጠውም።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ለዶክተር ራህመቶ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አራት ወር ዘገየህ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሲሚንቶ ቢመጣልንና ደግመን ብንሠራው፣ መጀመሪያ አንዱን ፍሬ ለበሽተኛው በእጁ እንሰጠዋለን። ይየው፣ ያሽትተው» አሉ። ቅጣት አልቀጡኝም። ቢቀጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለቀበሌያችሁም ይህንኑ ቃል ጽፌያለሁ፤ ግልባጩን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ብታነቢውም ባታነቢውም ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሦስቱን ደብዳቤዎች የቀደድኳቸው እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

ለዶክተሩ፣ ለቡዜ፣ ለመርዳሳም፣ «ለቀልድ ነው ያልኩት፤ እሷ መኖሯን አላወቅኩም» ብያቸዋለሁ። ሦስቱም አምነውኛል። መርዳሳማ ሊያጽናናኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያን ጠዋት ዝናብ ነበር። ነጠላሽ ርሶ ትከሻሽ ላይ ተለጥፎ ነበር። የሾርባውን ጣሳ በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ ጭቃው ክፍሉን እንዳያቆሽሸው በሩ ላይ በተነጠፈው ጆንያ ጫማሽን ትጠርጊ ነበር፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ግራውን ጠርገሽ ቀና ስትዪ ነው ስለ ጨሌው መናገር የጀመርኩት።

ከእንግዲህ ምሳ ስታቀርቢ ወደ ጓዳ አትግቢ። አጠገቡ ተቀመጪ፣ አጉርሺው፣ እሱም ያጉርስሽ። ወደ ጸሎታችሁም ሂጂ። አምላክ ያንቺን ደጅ ከእኔ ደጅ ሳይለይ ይጎብኘን፤ ለልጆችሽ ዕድሜ፣ ለመርዳሳ ጉልበት፣ ለአንቺ እንቅልፍ ይስጥሽ። እንድትመልሺልኝ አልጠይቅም። እዚያ መጥቼ በር ላይ ብቆም ግን፣ ግባም ውጣም ያልሽኝ እንደሆነ ሁለቱም ደግ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ